ኳሱም ቁልፉም አንድ ሰው ቤት ሲያድር

ጥያቄ፦ «ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም አካባቢ ከ9 እስከ 15 ዓመት የሆኑ 46 ልጆችን በበጎ ፈቃድ ኳስ እናሰለጥናለን። ሦስት ነበርን፤ አንዱ ሥራ አገኘና ወጣ፣ ሌላው ሲመቸው ብቻ ነው ብቅ የሚለው። ወላጆች በወር 100 ብር ሊያዋጡ ተስማምተው ነበር፣ የሚከፍለው ግን ግማሹ ነው። ሰባት ኳስ ነበረን፣ ሦስት ቀርቷል። ሜዳው ክረምት ሲገባ ጭቃ ነው፣ ክረምት ሲወጣ ደግሞ እግር ይሰብራል። ወረዳ ስንሄድ ‹መጀመሪያ ሕጋዊ ሁኑ› ይሉናል። ስፖንሰር እንዴት ነው የሚገኘው? እውነቱን ለመናገር ልተወው ነው እያልኩ ነው።»

መልስ፦ ወንድሜ፣ ስፖንሰሩን ወደ መጨረሻ እናቆየው። መጀመሪያ ያልጻፍክልኝን ልጠይቅህ። ሦስቱ ኳሶች ማታ የት ነው የሚያድሩት? መዋጮው በማን ቴሌብር ይገባል? የወላጆቹ ስልክ ቁጥር ያለው በማን ስልክ ላይ ነው? ሜዳው ላይ አሸዋ የሚያራግፈውን ሲኖ ትራክ ሹፌር ሄዶ የሚለምነውስ ማነው? የአራቱም መልስ «እኔ» እንደሚሆን እገምታለሁ። የገንዘቡም፣ የኳሱም፣ የ«ልተወው» ሐሳብም ሥሩ እዚያ ጋ ነው።

የምገምተው ስላለፍኩበት ነው። ከዓመታት በፊት ጀሞ አካባቢ የልጆች ቡድን ስይዝ አሥራ ሁለት ኳስ፣ አንድ ፓምፕና ሁለት ደርዘን ቢብስ (ልጆቹ በልምምድ ላይ ቡድን ለመለየት ከላይ የሚደርቡት ሰደሪያ) አልጋዬ ሥር ነበር የሚያድረው። ታይፎይድ ያዘኝና ሁለት ሳምንት ተኛሁ። ልጆቹ ከትምህርት ቤት ሲወጡ በመስኮቴ በኩል እየመጡ «ኮች፣ ኳስ!» ይላሉ፤ እናቴ «ታሟል፣ ሂዱ» ብላ ትመልሳቸዋለች። ጎንበስ ብላ ኳሱን ብታወጣ እኮ ይደርሳታል። ግን ለማን ትስጠው? ማን ይመልስላት? ድኜ ስመለስ ሜዳ ላይ የጠበቁኝ አሥራ አንድ ልጆች ነበሩ። ከአርባ ምናምን መሆኑ ነው። የቀሩት ከፊሉ ሌላ ሰፈር ገብቷል፣ ከፊሉ ፕሌይስቴሽን ቤት። እነሱን ለመመለስ አንድ ዓመት ፈጀብኝ።

ሰፈራችን ይህን ችግር ከፈታው ቆይቷል። የእድር ድንኳን ዳኛው ሳሎን ውስጥ አይቀመጥም። ንብረት ያዥ አለ፣ ቆጥሮ ያስረክባል፣ ቆጥሮ ይቀበላል፤ አንድ ብረት ድስት ቢጎድል ማን ዘንድ እንደቀረ ደብተሩ ላይ አለ። ገንዘብ ያዡ ሌላ ሰው ነው፣ ጸሐፊው ሌላ፣ ተቆጣጣሪው ሌላ። ዳኛው ቢታመም ቀብር አይቀርም። የስፖርት ማኔጅመንት ተምሬ የመጣሁ ሰው ነኝ፤ ለሰፈር ቡድን ከዚህ የተሻለ አደረጃጀት ግን ክፍል ውስጥ አላገኘሁም። አንተም ቅዳው። የምትፈልገው አራት ሰው ነው፦ ገንዘብ ያዥ፣ ንብረት ያዥ፣ ጸሐፊ፣ አንድ ደግሞ የሜዳ ጉዳይ የሚከታተል። አንተ ማሠልጠን ብቻ ይቀርሃል።

«ሰው ከየት ላምጣ?» እንደምትለኝ አውቃለሁ። ቴሌግራም ግሩፑ ላይ «ማን ሊያግዘን ይችላል?» ብለህ ጽፈህ ይሆናል፤ ሃያ ሰው አውራ ጣት አሳይቶህ አንድም አልመጣም። ግሩፕ ውስጥ ለሁሉም የተጠየቀ ነገር ለማንም አልተጠየቀም። በስም፣ ፊት ለፊት፣ ትንሽ ሥራ፣ ማብቂያው የታወቀ አድርገህ ጠይቅ። ልምምድ ላይ ሁሌ ጥላ ይዛ ዳር ቆማ የምታይ አንዲት እናት አትጠፋም። ሂድና «እስከ ገና ድረስ ብቻ የመዋጮውን ደብተር ይያዙልኝ» በላት።

«እኔ ኳስ የት አውቃለሁ?»

«ኳሱን እኔ አለሁ፣ እናቴ። ደብተሩን ነው።»

እስከ ገና ከያዘችው እስከ ፋሲካም ትይዘዋለች፤ ሰው የሚሸሸው መውጫ የሌለውን ሥራ ነው። ለንብረት ያዥነት ደግሞ ከ15 ዓመት በላይ ሆኖ ከቡድኑ የወጣ፣ አሁንም ሜዳ የማይጠፋ ልጅ ፈልግ፤ ኃላፊነት ስትሰጠው ቁመቱ ይጨምራል። የኳሱ ከረጢት ከአንተ ቤት ይውጣ። የብሎኩ ጥበቃ ክፍል ወይም ሜዳው ጫፍ ያለ ሱቅ ይሻላል፤ ቁልፉ ሁለት ይሁን።

ስለዚያ ሲመቸው ስለሚመጣው ጓደኛህ አንድ ነገር ልበል። ከኪሱ የታክሲ እየከፈለ ከሆነ የሚመጣው፣ ሲመቸው መምጣቱ አይገርምም። በጎ ፈቃድ ማለት ከኪስ መክሰር ማለት አይደለም። ትራንስፖርቱን ከመዋጮው ላይ ክፈሉት፤ ወላጅ በሚያየው ደብተር ላይ «ትራንስፖርት» ተብሎ ይጻፍ። በስውር ከተከፈለ ሐሜት ነው፣ በግልጽ ከተከፈለ ማንም አይጠይቅህም።

ወደ መዋጮው ልምጣ። 46 ልጅ በ100 ብር 4,600 ብር ነው፤ ግማሹ ቢከፍል 2,300 ብር በየወሩ ይገባል ማለት ነው። ከዜሮ የሚነሳ ክለብ አይደላችሁም። የከፈለው ወላጅ ግን 100 ብሩ ምን እንደሆነ ያያል? ካላየ ሁለተኛውን ወር ያቅማማል፣ ሦስተኛውን ይተዋል። በየወሩ መጨረሻ በአንድ ወረቀት ላይ ይህን ያህል ገባ፣ ይህን ያህል ወጣ፣ ይህን ያህል ቀረ ተብሎ ይጻፍና ልጆቹ ውሃ የሚገዙበት ሱቅ በር ላይ ይለጠፍ። ማን እንዳልከፈለ ግን አይለጠፍ። ይህን ስህተት የሠራ ቡድን አውቃለሁ፤ ስማቸው የተለጠፈ ልጆች በማግሥቱ አልመጡም፣ የከፈሉ ጓደኞቻቸውም አብረው ቀሩ።

የምትጠይቅበት ጊዜም ለውጥ አለው። መስከረም ላይ ወላጅ ደብተር፣ ዩኒፎርምና የትምህርት ቤት ምዝገባ ይዞታል፤ የበዓል ሰሞን ዶሮና ቅቤ ይዞታል። የደሞዝ ሳምንትን ጠብቅ። በየወሩ ከመልቀም ይልቅ በዓመት ሦስት ጊዜ ማለትም ከመስቀል በኋላ፣ ከጥምቀት በኋላና ከፋሲካ በኋላ መሰብሰቡ ለአንተም ለወላጅም ይቀላል። ሙሉ የሚከፍል፣ ግማሽ የሚከፍል፣ በነፃ የሚሠለጥን ብላችሁ ሦስት መደብ አውጡ፤ ማን የትኛው እንደሆነ ከገንዘብ ያዧ ውጭ ማንም አይወቅ፣ አንተም ጭምር። ካላወቅህ ቅዳሜ የመጀመሪያ ተሰላፊዎችን ስትመርጥ እጅህ አይከብድም። ልብስ ሰፊ አባት ቢብስ ይስፋ፣ ጎሚስታው የተበሳ ኳስ ይለጥፍ፤ ይህም መዋጮ ነውና በደብተሩ ላይ ይስፈር። ገንዘቡ ከግል ስልክ ወጥቶ ባንክ በጋራ ሂሳብ፣ በሁለት ሰው ፊርማ ይቀመጥ። ስለምጠረጥርህ አይደለም። አንድ ቀን ስልክህ ቢሰረቅ «ስልኬ ተሰረቀ» ማለት ብቻህን ለምታስተዳድረው ገንዘብ በቂ መልስ ስለማይሆን ነው።

አራቱ ኳሶች የት ገቡ? አንዱ ሳይሰረቅ አይቀርም። ሦስቱን ግን እናንተው እንደገደላችኋቸው እጠረጥራለሁ። ኳስ ሲሟሽሽ ልጆቹ ወደ ጎሚስታ ይሮጣሉ፣ እሱም በኮምፕሬሰሩ ድንጋይ እስኪሆን ይነፋዋል። የሙሉ መጠን ኳስ በጨዋታው ሕግ የሚሸከመው ግፊት ከ0.6 እስከ 1.1 አትሞስፌር ነው፤ የመኪና ጎማ ከሁለት በላይ ይሸከማል። ጎሚስታው እጁ የለመደው ጎማውን ነው። ስፌቱ ይለቃል፣ ኳሱ እንቁላል ይመስላል፣ ከዚያ ወዲያ አይመለስም። የእጅ ፓምፕ ግዙ፣ የሚነፋውም አንድ ሰው ይሁን። መርፌውን በደረቁ አትክተቱት፤ አፉ ላይ ያለውን ጎማ ይቀደዋል። ትንሽ ግሊሰሪን ካልተገኘ ምራቅም ያገለግላል። ከልምምድ በኋላ ጭቃውን በእርጥብ ጨርቅ ጠርጋችሁ ከፀሐይ ሽሽት አሳድሩት። በየኳሱ ላይ በማይለቅ ቀለም ቁጥር ጻፉ፤ ንብረት ያዡ 1፣ 2፣ 3 ብሎ ቆጥሮ ሲረከብ የሚጠፋ ኳስ በራሱ ይቀንሳል።

ስትገዛ ደግሞ ሁሉንም 5 ቁጥር፣ ማለትም ሙሉ መጠን፣ አታድርግ። ከ8 እስከ 12 ዓመት ላለ ልጅ 4 ቁጥር ነው የሚመከረው። የዘጠኝ ዓመት ልጅ በ5 ቁጥር ሲማር ኳሱን በእግሩ ጫፍ መግፋት ይለምዳል፤ ያን አመል በ14 ዓመቱ ስታስተወው ነው የምታለቅሰው።

አሁን ወደ ሜዳው። እዚህ ላይ ረዘም ልል ነው፤ ብዙ አሠልጣኝ ሜዳን እንደ አየር ጠባይ ነው የሚያየው፣ እጁ ያለበት አይመስለውም። አቃቂ ቃሊቲ በኩል ያለው መሬት አብዛኛው ጥቁር መረሬ ነው። መረሬ ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይጨማደድና ይሰነጠቃል። ሐምሌ ላይ ታኬታህን የሚያስቀረውና ጥር ላይ እግርህን የሚውጠው ስንጥቅ አንድ አፈር ነው። የምትለው «ከክረምት በኋላ እግር ይሰብራል» ደግሞ በከፊል የራሳችሁ ሥራ ነው። ነሐሴ ላይ ጭቃው ውስጥ አርባ ልጅ ሲራወጥ የረገጠው ሁሉ ጥቅምት ላይ ደርቆ ይጠብቃችኋል፤ ያ ጉድጓድና ጉብታ እስከ ቀጣዩ ዝናብ አይለቅም። በስድስት ቀን የጭቃ ጨዋታ ስምንት ወር ቁርጭምጭሚት ይከፈልበታል።

ስለዚህ ልምምድ ከመጀመርህ በፊት ሜዳው መሃል ገብተህ በተረከዝህ ረገጥ አድርግ። ውሃ ከወጣ ወይም ተረከዝህ ከአንድ ጣት በላይ ከሰመጠ ያን ቀን ሜዳው ተዘግቷል። ልጆቹን ግን ወደ ቤት አትመልስ፤ በብሎኮቹ መካከል ካለው ንጣፍ ላይ አምስት በአምስት ተከፋፍለው ኳስ ማቆም፣ መቀባበል፣ መዞር ይሥሩ። ታኬታ አውልቀው በሸራ ጫማ፣ ያለ ግጭት። ለኳስ ቁጥጥር እንዲያውም ከሜዳው ይሻላል፣ ኳሱ ሳይነጥር ይመጣልሃላ።

ሰኔ ሳይገባ ከሜዳው ዳገት በኩል ቦይ ቆፍሩ። ከላይ ብሎኮቹ የሚለቁት ጎርፍ ሜዳው ላይ እንዳያርፍ ማድረግ ብቻውን ግማሽ መፍትሔ ነው፤ አካፋና ዶማ ያላቸው አሥር አባቶች በአንድ እሑድ ከሰዓት ይጨርሱታል። ውሃው ወርዶ የሰው በር ላይ እንዳይከማች ግን ወዴት እንደሚሄድ ቀድማችሁ እዩ፤ ከጎረቤት ተጣልቶ የቆየ ቡድን የለም። ቀሪውን ጉብታ ለመደልደል ጊዜው መስከረም መጨረሻ ነው፣ አፈሩ ሳይደርቅ፣ ግን እጅ ላይ ሳይጣበቅ። ከደረቀ በኋላ ዶማም አይገባውም። አንድ ደግ ኮንትራክተር «አንድ ሲኖ ሰሌክት (ለሙሌት የሚደፋ ድንጋያማ አፈር) ልድፋላችሁ» ካለ አመስግነህ እምቢ በል። ጎል በሩ ሥር የተደፋ ሰሌክት የበረኛውን ክርንና ጉልበት ይልጠዋል፣ ድንጋዩም እስከ ዓመት ሲለቀም ይኖራል። ይልቁንስ ግሬደር ካለው ለአንድ ሰዓት ይላክላችሁ።

የሰፈር ዋንጫ በክረምት መካሄዱ የቆየ ልማድ ነው፤ ትምህርት ቤት ስለሚዘጋ። እኔ በመረሬ ሜዳ ላይ አልደግፈውም። የሴሚስተር ዕረፍት ላይ አድርጉት፣ መሬቱ ደረቅ ነው፣ ልጁም አለ። የጎረቤት ቡድኖች በመጀመሪያው ዓመት ይስቁባችሁ ይሆናል።

መስመር የምታሰምሩት በኖራ ከሆነ ዛሬውኑ አቁሙ። ኖራ እርጥብ ቆዳ ላይ ያቃጥላል፣ ዓይን ከገባ ዓይን ያጠፋል፤ ልጅ ደግሞ መስመር ላይ ነው በግንባሩ የሚወድቀው። ጄሶ ወይም ሰጋቱራ ይበቃል።

ጎሎቻችሁ ከምን እንደተሠሩ አልነገርከኝም። ከባሕር ዛፍ አጣና ተሠርተው መሬት ውስጥ በደንብ ከተቀበሩ ጥሩ ነው፣ በየዓመቱ ሥራቸው እንዳልበሰበሰ አነቃንቃችሁ እዩ። ተበይዶ የተሠራ፣ የሚነሳ የብረት ጎል ከሆነ ግን ከኋላው መታሰር አለበት፦ በካስማ ወይም በአሸዋ በተሞላ ጆንያ። እኔ በያዝኩት ቡድን ሳይታሰር የቆመ ጎል ልጆች አግዳሚው ላይ ሲንጠለጠሉ ተገልብጦ የአንዱን ክንድ ሰበረ። ጎሉ ሲመጣ አይቼው ነበር፤ «ነገ እናስረዋለን» ያልኩትም እኔው ነኝ። ክንድ ስለሆነ እግዚአብሔርን አመሰገንን፤ በሌላ አገር ይኸው ነገር ልጆችን ገድሏል። ነጎድጓድ ሲሰማም እንደዚሁ «ዝናቡ ይለፍ» ብላችሁ ዛፍ ሥር አትጠጉ። ወደ ሕንፃ ግቡ፣ የመጨረሻው ነጎድጓድ ከተሰማ ሰላሳ ደቂቃ ሳይሞላ አትመለሱ።

46 ልጆች ስትል ሴቶቹ ስንት ናቸው? ካሉ፣ ወይም እንዲመጡ ከፈለግህ፣ ልምምድ ላይ አንዲት ሴት አዋቂ ትኑር፣ ሰዓቱም ከመምሸቱ በፊት ይለቅ። ለወንዶቹም ለሴቶቹም አንድ ደንብ ይኑራችሁ፦ ማንም አዋቂ ከአንድ ልጅ ጋር ብቻውን አይቀርም፤ ቤትም ቢሆን፣ መኪናም ቢሆን። «ልጁን ክለብ አስገባለታለሁ» ብሎ ከወላጅ ብር የሚጠይቅ ሰው ሜዳችሁ ዳር ከታየ ለወላጆች በግልጽ ተናገር። ሰዓት ስታወጣም እሑድ የቅዳሴ ሰዓትንና ዓርብ ጁምዓን ለቀቅ አድርግ። ረመዳን ላይ የሚጾሙ ልጆች ካሉህ ከሰዓት ሩጫ አታብዛባቸው።

ስለ ወረዳው። «ሕጋዊ ሁኑ» ማለታቸው ልክ ነው፣ አባባላቸው ግን በር መዝጊያ ይመስላል። በሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 መሠረት ማኅበር ለማቋቋም ቢያንስ አምስት አባላት ይበቃሉ፤ አንድ ቀን እዚያ ትደርሳላችሁ። ለዛሬው ግን ወረዳው የስፖርት ዘርፍ ጋ ባዶ እጅህን አትሂድ። የኮሚቴው ስም ዝርዝር ከፊርማ ጋር፣ የልጆቹ ስምና ዕድሜ፣ የልምምድ ቀንና ሰዓት፣ ሁለት ገጽ መተዳደሪያ ደንብ፣ በመጨረሻም አንድ የተቆጠረ ጥያቄ፦ «ይህን ሜዳ ማክሰኞ፣ ሐሙስና ቅዳሜ ከ10፡30 እስከ 12 ሰዓት እንድንጠቀም በደብዳቤ ይፈቀድልን።» ኃላፊው በቃል «ተጠቀሙ፣ ማን ከለከላችሁ?» ቢልህ ፈገግ በልና ደብዳቤውን ጠይቅ። ኃላፊ ይቀየራል፤ በቃል የተፈቀደ ሜዳም አብሮት ይሄዳል። ቁጥርና ማኅተም ያለው ወረቀት ግን አንድ ቀን ቦታው ለመኪና ማቆሚያ ወይም ለግንባታ ዕቃ ሲፈለግ የምታሳየው ነገር ይሆናል። ካርታ አይደለም፣ ቦታውንም የእናንተ አያደርገውም፤ ሳትጠየቁ እንዳትነሱ ግን ያግዛል። የእድሩን ዳኛ ይዘህ ብትሄድ ደግሞ ወንበር ይሰጡሃል።

እንግዲህ ስፖንሰር። አውጥቶ አውርዶ ለሚያስብ ሰው ይህ ሁሉ የስፖንሰር መልስ ነበር፤ በር ላይ የተለጠፈ ሂሳብ፣ ሁለት ፊርማ ያለው ደብተርና ማኅተም ያለው ደብዳቤ የያዘ ቡድን ሲጠይቅ ሰው ይሰማዋል። «ድጋፍ አድርጉልን» አትበል፤ ዳቦ ቤቱን የዋንጫ ቀን ዳቦ፣ የሕንፃ መሣሪያ መደብሩን ሁለት ባልዲ ቀለም፣ ፋርማሲውን ፋሻና አልኮል ጠይቅ። የተሰጠውን ነገር ፎቶ አንስተህ መልሰህ አሳየው፣ በሚቀጥለው ዓመት ራሱ ይጠራሃል። ማልያ የሚያለብስ የቤቲንግ ቤት ቢመጣ ግን የአሥር ዓመት ልጅ ደረት ላይ ያን ስም አታሳርፍ፤ ሰፈሩ ውስጥ ታላላቅ ወንድሞቻቸው ደሞዛቸውን የት እንደሚያራግፉ አንተም ታውቃለህ። ቅዱስ ጊዮርጊስም በ1928 ዓ.ም. ሲጀመር የአራዳ ልጆች ቡድን ነበር። ማልያ ቢዘገይ ቡድን አይፈርስም።

«ልተወው» ላልከው፣ አሁን አትወስን። ደክሞህ ሳለ የሚመጣውን ውሳኔ አንተ አይደለህም የምትወስነው፣ ድካሙ ነው። የመጪውን ቅዳሜ ለፈተና አውለው። ዓርብ ማታ ከረጢቱንና ቁልፉን ለዚያ ትልቅ ልጅ፣ ደብተሩን ለዚያች እናት፣ ፊሽካውን ለጓደኛህ ስጥ። አንተ ሜዳ አትሂድ፣ ስልክህንም ዝጋ። ሰኞ ሦስቱንም ለየብቻ «ምን ጎደለ?» ብለህ ጠይቃቸው። ያሉህን እንዳለ ጻፍልኝ፤ በቀጣዩ መልሴ ከዚያ ዝርዝር እንነሳለን።